ሳይቃጠል በቅጠል፤ የወይን ጠጅ አምራቾች የሙቀቱን ዘመን እንዴት ይዘውታል?

አባቶቻችን አገሩን በአየር ጠባዩ ሲከፍሉ ሞቃቱን ቆላ፣ ብርዳሙን ደጋ አሉት። በሁለቱ መካከል ያለውን ምድር ግን በአንድ ተክል ስም ጠርተው ወይና ደጋ አሉት፤ ወይን የሚስማማው ደጋ ማለት ነው። ዛሬ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,500 እስከ 2,300 ሜትር ያህል ከፍታ ያለው አገር በዚህ ስም ይታወቃል። በስሙ ውስጥ ያለው ዕውቀት ቀላል አይደለም። ወይን የቆላ ሐሩር ሲበዛበት ፍሬው ይቃጠላል፤ የደጋ ውርጭ ሲመታው ደግሞ ለጋው ይጠወልጋል። የሚስማማው መካከለኛው ቦታ ነው።

ወይን በሰፊው ከሚመረትባቸው አገሮች የሚሰማው ወሬ ይህ መካከለኛ ቦታ እየተንቀሳቀሰ መሆኑን የሚገልጽ ነው። ትናንት ለወይኑ የተመቸ የነበረው ሜዳ ዛሬ ወደ ቆላነት እያደላ ሄዷል። ብርድ ነው ተብሎ ተትቶ የነበረው ኮረብታ በበኩሉ ወይን ማፍራት ጀምሯል።

አንድ የገበሬ ማኅበር መሪ ስለ ፈረንሣይና ስለ ስፔን ወይን ማወቁ ምን ይጠቅመዋል? የሚል ጥያቄ ሊነሣ ይችላል። ጥቅሙ በሁለት በኩል ነው። አንደኛ፣ ወይን እንደ ጤፍ ወይም እንደ በቆሎ ዘንድሮ ተዘርቶ ለከርሞ በሌላ የሚለወጥ ሰብል አይደለም። ከተተከለ በኋላ ደህና ምርት ለመስጠት ሦስት ዓመት ያህል ይፈልጋል፤ ከዚያም ሠላሳ ዓመትና ከዚያ በላይ በአንድ ቦታ ይኖራል። በዚህም ከቡናችን፣ ከእንሰታችንና ከፍራፍሬ ዛፎቻችን ጋር ይመሳሰላል። ሁለተኛ፣ ከወይን አምራቾቹ ብዙዎቹ አነስተኛ መሬት ያላቸው፣ ትልልቁን ውሳኔ በማኅበር ተሰብስበው የሚወስኑ ገበሬዎች ናቸው።

በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ሲሆኑ፣ ወሩና ቀኑ ግን ለአንባቢ እንዲቀል ወደ እኛ ወራት ተመልሷል።

ቀኑን የጻፉ ሰዎች

በምሥራቅ ፈረንሣይ ቡርጎኝ በሚባለው አገር ቦን የምትባል ከተማ አለች። በዚህች ከተማ ዙሪያ ለብዙ ዘመን የወይን ለቀማ የሚጀመርበት ቀን ለእያንዳንዱ ገበሬ ፈቃድ የተተወ አልነበረም። የወይኑን መብሰል የሚያውቁ ሰዎች ማሳውን ዞረው ካዩ በኋላ ቀኑ በጋራ ይቆረጥ ነበር። ለለቃሚዎች የተከፈለው የቀን ሒሳብም በመዝገብ ይሠፍር ነበር።

ተመራማሪዎች እነዚህን የደመወዝ መዛግብት፣ የከተማውን ምክር ቤት ቃለ ጉባኤና የጋዜጣ ዜናዎችን አንድ ላይ ሰብስበው ከ1354 እስከ 2018 ያለውን የለቀማ ቀን በተርታ አዘጋጁ። ውጤቱ በ2019 ታተመ። ከ660 ዓመት በላይ የሚሆን መዝገብ መሆኑ ነው።

ከመዝገቡ የተገኘው ነገር እንዲህ ነው። ከ1354 እስከ 1987 ድረስ ለቀማው በአማካይ የሚጀመረው መስከረም 18 ቀን ገደማ ነበር። በእነዚያ መቶ ዓመታት ውስጥ የሚቀድምም የሚዘገይም ዓመት አልጠፋም። ከ1988 ወዲህ ግን አማካዩ ራሱ ተዛውሮ ለቀማው 13 ቀን ያህል ቀድሞ፣ መስከረም 5 ቀን ገደማ መጀመር ጀመረ። ብርቱ የሙቀት ማዕበል አውሮፓን በመታበት በ2003 ለቀማው የተጀመረው ገና በነሐሴ ወር ነበር።

እነዚህ ሰዎች መዝገቡን ሲጽፉ የአየር ጠባይ ለውጥን ለማጥናት አልነበረም። ለሠራተኛው ዋጋውን ለመክፈልና ለቀማውን በሥርዓት ለመምራት ብቻ ነበር። ነገር ግን ቀኑን መጻፋቸው ዛሬ ማንም በክርክር ሊያፈርሰው የማይችል ማስረጃ ሆነ። «ድሮ እንዲህ አልነበረም» የሚል ሽማግሌ በየመንደሩ ይገኛል። በስንት ቀን እንደተለወጠ ቆጥሮ የሚያሳይ ግን መዝገብ ያለው ብቻ ነው።

ሙቀቱ በፍሬው ላይ የሚያደርሰው ጉዳት

ጠጅ የጣለ ሰው ማሩ በበዛ መጠን ጠጁ እንደሚበረታ ያውቃል። በወይን ጠጅ ደግሞ በማሩ ቦታ የሚገባው ፍሬው ራሱ የያዘው ስኳር ነው። በአንድ ሊትር ጭማቂ ውስጥ ያለ 17 ግራም ያህል ስኳር ሲብላላ አንድ ከመቶ ያህል አልኮል ይሆናል። ስለሆነም ፍሬው ብዙ ስኳር ከያዘ ወይን ጠጁ ኃይለኛ ይሆናል።

ችግሩ ሙቀት የፍሬውን ክፍሎች በእኩል የሚያበስል አለመሆኑ ነው። ፀሐይ ሲበረታ ስኳሩ በፍጥነት ይወጣል፤ ለወይን ጠጁ ሕይወት የሚሰጠው ኮምጣጣነት ግን ይወርዳል። የልጣጩ ቀለም፣ የፍሬው መዓዛና የዘሩ መጎምዘዝ የሚስተካከሉት ቀስ ብለው ነው። ገበሬው ስኳሩን አይቶ ቶሎ ቢለቅም መዓዛው ጥሬ ይሆንበታል። መዓዛውን ቢጠብቅ አልኮሉ ይበዛበታል፤ ኮምጣጣነቱም ይጠፋል። በደቡብ ምዕራብ ፈረንሣይ በምትገኘው በቦርዶ ከአርባ ዓመት በፊት 12 ከመቶ ገደማ አልኮል የነበረው ቀይ ወይን ጠጅ ዛሬ 14 ከመቶ መድረሱ የተለመደ ሆኗል።

ከዚህም የባሰ አለ። በ2019 ሰኔ 21 ቀን በደቡብ ፈረንሣይ፣ ቬራርግ በምትባል የገጠር ቀበሌ ሙቀቱ 46 ዲግሪ ደረሰ። ይህም በፈረንሣይ ምድር እስከዚያ ቀን ድረስ ያልተመዘገበ ነበር። በአካባቢው ባሉት ማሳዎች የወይኑ ቅጠልና ለጋው ዘለላ በእሳት እንደተለበለበ ደርቆ ተገኘ። የዓመት ድካም በአንድ ከሰዓት በኋላ ጠፋ ማለት ነው።

ሙቀት ሲበዛ ውርጭም ይጎዳል

ሙቀት ከጨመረ ውርጭ ይቀንሳል ብሎ ማሰብ ቀላል ነው። በወይን ላይ የታየው ግን ተቃራኒው ነው። ወይን በአውሮፓ በብርዱ ወራት ተኝቶ ይከርማል። የብርዱ ወራት ማለቂያ ሲሞቅ ቀድሞ ይነቃና ያቆጠቁጣል። ከዚያ በኋላ አንድ ሁለት ሌሊት ብርድ ቢመለስ ገና ለጋ የሆነው እምቡጥ በውርጩ ይቃጠላል። ያልነቃ ወይን ግን ያንኑ ብርድ ሳይጎዳ ያሳልፈዋል።

በ2021 በመጋቢት መጨረሻ ሌሊቶች በፈረንሣይ የሆነው ይኸው ነበር። ሞቃት ቀኖች ወይኑንና ፍራፍሬውን ካስነቁ በኋላ ከባድ ውርጭ ወርዶ በብዙ ክፍላተ አገር ያለውን ማሳ መታ። በጊዜው የግብርና ሚኒስትር የነበሩት ዡልያን ዴኖርማንዲ ጉዳቱ ይህ ክፍለ ዘመን ከጠባ ወዲህ በግብርና ላይ ከደረሱት ሁሉ ሳይበልጥ እንደማይቀር ገልጸው ነበር።

በእነዚያ ሌሊቶች ገበሬዎቹ ከነቤተሰባቸው ማሳቸው ውስጥ አደሩ። በየረድፉ በባልዲ የተሞላ የሻማ ሰም አቀጣጠሉ፤ ለአንድ ሄክታር በመቶ የሚቆጠር ባልዲ ይፈልጋል። አቅም ያላቸው ከላይ ያለውን ሞቅ ያለ አየር ወደ መሬት የሚያወርድ ትልቅ ማራገቢያ ተከሉ። ሌሎች ደግሞ በእምቡጡ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ውኃ ረጩ። ውኃው በእምቡጡ ላይ ሲረጋ የሚለቀው ሙቀት እምቡጡን ከዜሮ ዲግሪ ብዙ እንዳይወርድ ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ሻማውም ማራገቢያውም ገንዘብ ይጠይቃል፤ ውኃውም ሌሊቱን ሳይቋረጥ መፍሰስ አለበት። አንድ ሌሊት ለማዳን የሚወጣው ወጪ የትንሹን ገበሬ ኪስ የሚያራግፍ ነው።

በመሆኑም ወጪ የማይጠይቀው ዘዴ እየተስፋፋ ነው፤ ገረዛውን ማዘግየት። ወይን ዘግይቶ ሲገረዝ እምቡጡ የሚነቃው በጥቂት ቀናት ዘግይቶ ነው። እነዚያ ጥቂት ቀናት ውርጩን ሊያሳልፉት ይችላሉ። አዲስ መሣሪያ የለበትም፤ ያው መቀስ፣ ያው እጅ ነው። የተለወጠው ቀኑ ብቻ ነው።

በቅጠሉ የሚጀመር ሥራ

ሳይቃጠል በቅጠል የሚለው የአበው ተረት በወይን ማሳ ውስጥ ቃል በቃል ይሠራል። ዱሮ ፀሐይ ፍሬውን እንዲያበስለው ተብሎ በዘለላው ዙሪያ ያለው ቅጠል ይመለመል ነበር። ዛሬ በሞቃት አካባቢ ያሉ አምራቾች ቅጠሉን ለጥላ ይተዉታል። በተለይ የከሰዓት በኋላ ፀሐይ በሚመታው ጎን ያለውን አይነኩትም። አንዳንዶቹ ካኦሊን የሚባለውን ነጭ የሸክላ አፈር በውኃ በጥብጠው በቅጠሉ ላይ ይረጫሉ። ቤቱን በኖራ እንደሚቀባ ሰው ማለት ነው፤ ነጩ ቀለም ፀሐዩን ይመልሰዋል።

በረድፎች መካከል ያለውን መሬት አርሶ ባዶ ማስቀረትም እየቀነሰ ነው። ሣርና የአተር ወገን የሆኑ ተክሎች ይዘሩበታል። እነዚህ ዝናቡን ወደ አፈሩ ያሰርጋሉ፤ አፈሩም ታጥቦ እንዳይሄድ ይይዛሉ። ሆኖም በደረቅ ዓመት ሣሩ ራሱ የወይኑን ውኃ ስለሚሻማ በጊዜው ታጭዶ ወይም ተዳምጦ እንደ ጉዝጓዝ መሬቱን እንዲሸፍን ይደረጋል። ጊዜውን ያላወቀ ገበሬ በሣሩ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም።

ውኃ በሌለበት አገር የሚኖሩ ገበሬዎች ዘዴ ግን ከሁሉ የቆየ ነው። የግሪክ በሆነችው በሳንቶሪኒ ደሴት ገበሬዎች የወይኑን ሐረግ እንደ ቅርጫት ክብ አድርገው መሬት ላይ ይጎነጉኑታል። ዘለላው በቅርጫቱ ውስጥ ተሸሽጎ ከብርቱው ነፋስና ከፀሐይ ይድናል። የስፔን በሆነችው በላንዛሮቴ ደሴት ደግሞ ከ1730 እስከ 1736 ድረስ የቆየ የእሳተ ገሞራ ፍንዳታ ብዙውን የእርሻ መሬት በአመድና በጠጠር ሸፈነው። ገበሬዎቹ መሬታችን ጠፋ ብለው አልቀሩም። አመዱን በሰፊው ጎድጎድ አድርገው ቆፍረው ከሥሩ ባለው አፈር ላይ ወይን ተከሉ። ነፋስ በሚመጣበት በኩልም የግማሽ ክብ የድንጋይ ካብ ካቡ። አመዱ ርጥበት እንዳይተን ስለሚይዝ ዝናብ በማይበረክትበት ምድር ወይኑ እስከ ዛሬ ያፈራል።

እነዚህ ዘዴዎች እንደ ኋላ ቀር ተቆጥረው የነበሩ ናቸው። ዛሬ የግብርና ተመራማሪዎች እየሄዱ የሚያጠኗቸው ሆነዋል።

ዘር መለወጥና የማኅበር ውሳኔ

ጥላውም ጉዝጓዙም የሚያዋጣው እስከ ተወሰነ ደረጃ ነው። ሙቀቱ ሲቀጥል ጥያቄው ወደ ዘሩ ይደርሳል።

በቦርዶ ከቀይ ወይኑ መሬት ከግማሽ በላይ የሚሸፍነው ሜርሎ የሚባል ዝርያ ነው። ሜርሎ ቀድሞ የሚደርስ ነው። ቅዝቃዜ በነበረበት ዘመን ይህ ጠባዩ በረከት ነበር፤ ቅዝቃዜው ሳይመለስ ፍሬው ይሰበሰባልና። በሞቃቱ ዘመን ግን የሚደርሰው ሙቀቱ ገና በሚያይልበት ወቅት በመሆኑ ያው በረከት ወደ ጉዳት ተለወጠ።

ይሁን እንጂ በዚያ አገር ገበሬው ያሰኘውን ዘር ተክሎ በቦርዶ ስም መሸጥ አይችልም። ስሙ የጋራ ሀብት በመሆኑ የትኛው ዝርያ እንደሚተከል ደንብ አለ። ደንቡን ለመለወጥ አምራቾቹ በማኅበራቸው መስማማት፣ ከዚያም የመንግሥቱን ተቋም ፈቃድ ማግኘት አለባቸው። ተመራማሪዎች በ2009 ቦርዶ አጠገብ 52 ዝርያዎችን በአንድ ማሳ ተክለው እያንዳንዱ መቼ እንደሚነቃ፣ መቼ እንደሚደርስና ድርቁን እንዴት እንደሚቋቋም መመዝገብ ጀመሩ። አምራቾቹ በ2019 ተሰብስበው ለውጡን ደገፉ። በ2021 መግቢያ ላይ ስድስት አዳዲስ ዝርያዎች ተፈቀዱ። አራቱ ቀይ ናቸው፤ አሪናርኖዋ፣ ካስቴ፣ ማርስላን እና ከፖርቱጋል የመጣው ቱሪጋ ናሲዮናል። ሁለቱ ነጭ ናቸው፤ አልቫሪኞ እና ሊሊዮሪላ።

ፈቃዱ ገደብ አለው። አንድ ገበሬ አዲሶቹን ዝርያዎች መትከል የሚችለው ከወይን መሬቱ 5 ከመቶ በማይበልጠው ላይ ነው። በሚዘጋጀው ወይን ጠጅ ውስጥም ድርሻቸው ከ10 ከመቶ እንዳይበልጥ ተደንግጓል። ይህ ጥቂት ሊመስል ይችላል። ነገር ግን ትልቅ ጥበብ አለበት። ያልተሞከረ ዘር ማሳውን ሁሉ እንዳይውጠው፣ የተሞከረውም ሳይታይ እንዳይቀር የሚያደርግ ነው።

አዲስ ማለት ሁልጊዜ ከሩቅ የመጣ ማለት አይደለም። በስፔን ካታሎንያ ቶሬስ የሚባል ከ1870 ጀምሮ በወይን ጠጅ ሥራ ላይ ያለ የቤተሰብ ኩባንያ ከ1980ዎቹ ወዲህ በአካባቢው ጋዜጦች ማስታወቂያ እያወጣ ገበሬዎችን ይጠይቅ ነበር። በማሳችሁ ጥግ ስሙን የማታውቁት የወይን ሐረግ ካለ አስታውቁን የሚል ነበር ጥያቄው። በዚህ መንገድ ጠፍተዋል የተባሉ ከ50 በላይ የጥንት ዝርያዎች ተገኙ። ከእነርሱም መካከል ዘግይተው የሚደርሱና ሙቀትን የሚችሉ ጥቂቶች ተመርጠው እንደገና መተከል ጀመሩ። ለብዙ ዘመን ማንም ያላያቸው ሐረጎች ለክፉ ቀን ደረሱ።

የዘር መለወጥ ምን ያህል እንደሚያድን ለማወቅ በ2020 የታተመ አንድ ጥናት 11 የታወቁ ዝርያዎችን መርምሯል። የዓለም ሙቀት በ2 ዲግሪ ቢጨምርና ገበሬው በያዘው ዘር ቢቀጥል፣ ዛሬ ለወይን ከሚመቸው አገር 56 ከመቶ የሚሆነው እንደሚጠፋ ጥናቱ ገምቷል። ዘሩ ከሙቀቱ ጋር እየተለዋወጠ ቢሄድ ግን ጥፋቱ ወደ 24 ከመቶ ይወርዳል። ሙቀቱ በ4 ዲግሪ ቢጨምር ግን ዘር መለወጡ የሚረዳው ጥቂት ነው፤ 85 ከመቶ የነበረው ጥፋት ወደ 58 ከመቶ ቢወርድ ነው። ስለሆነም መላው መጠን አለው። ሙቀቱ ራሱ ካልተገታ የገበሬው ብልሃት ብቻውን አይበቃም።

ወደ ደጋ መውጣት

ከፍታ በ100 ሜትር በጨመረ ቁጥር የአየሩ ሙቀት ከግማሽ ዲግሪ ትንሽ በሚበልጥ ይቀንሳል። ይህን የደገኛና የቆለኛ ልጅ ሁሉ በእግሩ ያውቀዋል። ቶሬስ ይህንኑ ስሌት ተከትሎ ከሃያ ዓመት በፊት ጀምሮ ወደ ፒሬኔ ተራሮች ግርጌ ወጣ። ትሬምፕ በሚባለው ቦታ 950 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ መሬት ገዝቶ ወይን ተከለ። በዚያን ጊዜ ቦታው ለወይን ብርድ ይበዛበታል ይባል ነበር።

ሌሎቹ ደግሞ ወደ ሰሜን ሄዱ። ሻምፓኝ በሚባለው የፈረንሣይ አገር የሚገኘው ታይታንዤ የተባለ ታዋቂ ድርጅት በ2015 በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ፣ ኬንት ውስጥ መሬት ገዝቶ በ2017 ወይን መትከል ጀመረ። ከአርባና ከሃምሳ ዓመት በፊት የሻምፓኝ ሰው እንግሊዝ አገር ወይን ሊተክል ነው ቢባል የሚያምን አይገኝም ነበር።

ነገር ግን ወደ ደጋ መውጣት የሁሉም ሰው መንገድ አይደለም። ሁለት ሦስት ሄክታር ያለው ገበሬ ሜዳውን ሽጦ ተራራ ሊገዛ አይችልም፤ ሜዳው ሲሞቅ ዋጋውም ይረክሳልና። ደጋውም ባዶ ሆኖ አይጠብቅም። ደን አለበት፤ የግጦሽ መሬት አለበት፤ የሌላ ገበሬ ማሳ አለበት። ከላይ የሚተከለው ተክል ውኃ ከፈለገ ከታች ላለው የሚደርሰው ወንዝ ይቀንሳል። አንዱ ከችግር ሲወጣ ችግሩን በሌላው ላይ እንዳያራግፍ የሚያይ የጋራ አካል ያስፈልጋል።

በመጭመቂያ ቤት ውስጥ

በደቡብ ፈረንሣይ ትንንሽ ወይን ገበሬዎች መጭመቂያና በርሜል በጋራ መያዝ የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። ቤዚዬ በተባለችው ከተማ አጠገብ ባለችው ማሮሳን መንደር የኅብረት ሥራ መጭመቂያ በ1901 ተመሠረተ። ዛሬም በዚያ አገር ብዙ ገበሬ ፍሬውን የሚያስረክበው ለእንዲህ ዓይነቱ ማኅበር ነው።

ሙቀቱ ለማኅበራቱ አዲስ ራስ ምታት አምጥቷል። ዱሮ ዝርያዎቹ ተራ በተራ ስለሚደርሱ መጭመቂያው ለሳምንታት በዝግታ ይሠራ ነበር። ሙቀት ሲበረታ ግን ቀደምቱም ዘግይቶ የሚደርሰውም ስለሚቀራረቡ ጋሪው ሁሉ በአንድ ጊዜ በር ላይ ይሰለፋል። የሞቀ ፍሬ ቆሞ ሲጠብቅ ያለ ጊዜው መብላላት ይጀምራል። ስለዚህ ለቀማው በሌሊትና በማለዳ ሆኗል። ፍሬው ቀዝቅዞ ይገባል፤ ሠራተኛውም ከፀሐይ ይድናል። የኮምጣጣነት ጉድለት ሲያጋጥም ሕጉ በሚፈቅደው መጠን ከወይን የሚገኘው አሲድ ይጨመራል። የበዛ አልኮል በመሣሪያ የሚቀንሱም አሉ።

መጭመቂያ ቤት ሊያስተካክለው የማይችለው ጉዳትም አለ። በ2020 በአሜሪካ ካሊፎርኒያ ናፓ በሚባለው ሸለቆ ሰደድ እሳት በተነሣ ጊዜ እሳቱ ያልደረሰበትን ማሳ ጭሱ ደረሰበት። የጭሱ ሽታ በፍሬው ልጣጭ ገብቶ በወይን ጠጁ ውስጥ ስለሚቀር በርካታ አምራቾች የዚያን ዓመት ቀይ ወይን ጠጅ ሳያወጡ ቀሩ።

አምራቾቹ ጥፋቱን ከመከላከል አልፈው የራሳቸውንም ድርሻ መመልከት ጀምረዋል። ከማሳ እስከ ገበያ ባለው ሥራ ውስጥ ከፍ ያለ ጭስ የሚያስወጣው የጠርሙሱ መሠራትና መጓጓዝ መሆኑ ስለታወቀ፣ ከባዱን ጠርሙስ በቀላል የሚለውጡ በዝተዋል።

ለእኛ የሚሆነው

የወይን ነገር ከእኛም አገር የራቀ አይደለም። በስምጥ ሸለቆ ዝዋይ አጠገብ ካስቴል የተባለው የፈረንሣይ ድርጅት ከ1,600 ሜትር በላይ ከፍታ ባለው መሬት ላይ እነሜርሎን፣ ካበርኔ ሶቪኞንን፣ ሲራንና ሻርዶኔን አስተክሎ የመጀመሪያው ጠርሙስ በ2014 ለገበያ ቀርቧል። ወይን በአውሮፓ በብርድ ይተኛል። በእኛ ምድር ግን የሚያስተኛው ብርድ ስለሌለ የሚያነቃው ሰው ነው፤ በገረዛ። ፍሬው በደረቁ ወራት እንዲደርስ ገረዛው የሚደረግበት ቀን በዚያው ልክ ይቆጠራል። ዝናቡ ያለ ጊዜው ከመጣ ግን ስሌቱ ይፋለሳል፤ የደረሰ ዘለላ በዝናብ ይሻግታልና።

ለብዙው ገበሬያችን የወይን ያህል፣ ከወይንም በላይ የሆነው ግን ቡና ነው። በ2017 የታተመ ጥናት እንደሚያመለክተው አንዳች እርምጃ ካልተወሰደ ዛሬ ቡና ከሚበቅልበት የአገራችን መሬት ከ39 እስከ 59 ከመቶ የሚሆነው እስከዚህ ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ ለቡና የማይመች ሊሆን ይችላል። ይኸው ጥናት ቡናው ወደ ከፍተኛው ቦታ ቢወጣና ደኑ ቢጠበቅ ወይም እንደገና ቢለማ፣ የሚመቸው መሬት ከአራት እጥፍ በላይ ሊሰፋ እንደሚችል ያስረዳል። ቶሬስ በፒሬኔ ግርጌ ያደረገው ነገር ለእኛም በር ላይ ቆሞ ይጠብቃል ማለት ነው። ደጋው ባዶ አለመሆኑም እንደዚያው ነው።

ስለዚህ የማኅበር መሪዎች ከወይን ገበሬዎቹ ሊወስዷቸው የሚገቡ፣ ገንዘብ የማይጠይቁ ነገሮች አሉ።

የመጀመሪያው መዝገብ ነው። በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት አንድ ደብተር ይቀመጥ። ቡናው ያበበበት ቀን፣ የመጀመሪያው ቀይ ፍሬ የተለቀመበት ቀን፣ ዝናቡ የገባበትና የወጣበት፣ ውርጭና በረዶ የጣለበት ቀን ይጻፍበት። ማንበብና መጻፍ የሚችል አንድ ወጣት ይበቃዋል። ጸሐፊው ሲለወጥም ደብተሩ እንዳይቋረጥ ርክክቡ በቃለ ጉባኤ ይያዝ። በአምስት ዓመት ውስጥ ብዙ አይናገርም፤ በሃያ ዓመት ግን ልጆቻችሁ የሚተክሉትን ይመሩበታል።

ሁለተኛው የዘር ፍለጋ ነው። በየጓሮው ጥግ፣ በየደኑ ዳር፣ በድርቁ ዓመት ሳይደርቅ የቀረ፣ ዘግይቶ የሚደርስ፣ ስሙን አዛውንቶች ብቻ የሚያውቁት ቡና ወይም እንሰት አይጠፋም። እንዲህ ያለውን ሳይነቀል መመዝገብና ለልማት ሠራተኛው ማሳየት ይገባል።

ሦስተኛው በትንሹ መሞከር ነው። አዲስ ዘር ሲመጣ በአንድ ጊዜ ማሳውን ሁሉ መገልበጥም፣ አልፈልግም ብሎ መመለስም ትክክል አይደለም። ቦርዶዎች እንዳደረጉት ከማሳው ትንሽ ክፍል ተለይቶ ይሞከር፤ ውጤቱም በዚያው ደብተር ይግባ።

አራተኛው፣ ገና ጊዜ ሳለ ስለ ላይኛው መሬት መነጋገር ነው። ቡና ወደ ደጋ ቢወጣ የትኛው ቦታ ይሰጠው? የግጦሹ መሬት፣ የገብሱ ማሳና ደኑ እንዴት ይጠበቁ? ከታች የሚቀረውስ ገበሬ በምን ይተዳደር? ይህ ጥያቄ በጭንቅ ቀን የተነሣ እንደሆነ ጉልበት ያለው ይወስነዋል። ዛሬ በስብሰባ ከተነሣ ግን ሁሉም ይወስነዋል።

ቅጠሉን ለጥላ መተው፣ ገረዛውን በጥቂት ቀን ማዘግየት፣ ቀኑን በደብተር ማስፈር ትንንሽ ሥራዎች ናቸው። ሳይቃጠል የሚሠሩት እንደነዚህ ያሉት ናቸው፤ ከተቃጠለ በኋላ ግን ለትልቁም አቅም አይገኝም። የቦን ሰዎች የለቃሚ ሒሳብ ሲጽፉ ለማን እንደሚተርፍ አላወቁም ነበር። እኛ ግን ለማን እንደምንጽፍ እናውቃለን። ደብተሩ በሚመጣው ስብሰባ ይከፈት፤ የመጀመሪያውም መስመር የዘንድሮው ዝናብ የገባበት ቀን ይሁን።